«ፍሬን የለውም እንዴ?»

ከእንጦጦ ማርያም ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው አስፋልት ላይ፣ አንድ የመስከረም እሑድ ጠዋት፣ የኋላ ፍሬኔን ስጨብጠው መጨበጫው ምንም ሳይታገለኝ መጥቶ ከመሪው ጋር ተጋጠመ። ፊት ለፊቴ ጭራሮ የተሸከሙ ሦስት እናቶች ጎንበስ ብለው ይወርዳሉ። የፊት ፍሬኔ ጤነኛ ስለነበር በእሱ ብቻ እየቆጠብኩ ያዝኩና ዐሥር እርምጃ ያህል ሲቀረኝ ቆምኩ። ከኋላ ጎማዬ በኩል የተቃጠለ ነገር ሸተተኝ። አንደኛዋ እናት ሸክማቸውን ሳያወርዱ ዞር ብለው፣ «ምነው ልጄ፣ ፍሬን የለውም እንዴ?» አሉኝ።

«አለው እማማ» አልኳቸው።

ያ መልስ እስከ ዛሬ ይቆረቁረኛል። ብስክሌቱ ፍሬን ነበረው፤ ሁለት ዲስክ፣ አራት ሸራ፣ ሁለት መጨበጫ። ከቤት ስወጣ ጎማውን ነፍቻለሁ፣ ካቴናውን ቀብቻለሁ፣ ውሃዬን ሞልቻለሁ። ፍሬኑን ግን «አለ» ብዬ አልፌዋለሁ። ጎንበስ ብዬ ሳየው የኋላው ዲስክ ቡናማ ሆኗል፤ ቦታ ቦታው ላይ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ብረት እንዲህ የሚቀልመው ከሚገባው በላይ ሲግል ነው።

ነገሩ የተበላሸው ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። የኋላ መጨበጫው እንደ ስፖንጅ እየለሰለሰ ስላስቸገረኝ ለጥገና ሰጥቼው ነበር። ባለሙያው የዘይት ቋቱን ክዳን ከፈተ፣ መደርደሪያው ላይ ከነበረው የመኪና የፍሬን ዘይት ጨመረበት፣ አየሩን አስተነፈሰ፤ መጨበጫውም ጠነከረ። አጠገቡ ቆሜ እያየሁ ነው ይህ ሁሉ የሆነው። ክዳኑ ላይ ደግሞ ከሚኒራል ኦይል፣ ከመኪናው ከተለየው የፍሬን ዘይት፣ ሌላ እንዳይጨመር የሚያዝ ጽሑፍ በጥቃቅን ፊደል ተቀርጿል። እሱ አላነበበውም። እኔም አላነበብኩትም።

የሚወራው ስለ ዳገቱ ነው

አዲስ አበባ ዙሪያ ብስክሌት የሚነዳ ሰው ጨዋታው ዳገት ነው። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምዕራብ ፉሪ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፤ በየትኛውም በር ብንወጣ ተራራ ይጠብቀናል። ከተማዋ ራሷ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ስለዚህ ስንገናኝ የምንጠያየቀው «የኋላው ትልቁ ማርሽ ስንት ጥርስ ነው?» «ስንት ኪሎ ይመዝናል?» እየተባባልን ነው። ያገለገለ ብስክሌት ሊገዛ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው በአንድ እጁ ብድግ አድርጎ ክብደቱን መገመት ነው። ፍሬኑን ጨብጦ ዐሥር የሚቆጥር ገዢ ግን እምብዛም አላየሁም። «አንተ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚለው ተረት እኛንም የሚመለከት ይመስለኛል።

ዳገት ላይ የተሳሳተ ሰው ቅጣቱ ድካም ነው፤ ይወርድና እየገፋ ይሄዳል። የቁልቁለት ስህተት ግን የነጂው ብቻ ሆኖ አይቀርም። ጭራሮ የተሸከሙት እናቶች አሉ፣ አህያ የሚነዳው ልጅ አለ፣ ከቅዳሴ የሚመለሱ ሽማግሌዎች አሉ፣ ማልደው ልምምድ የሚሠሩ ሯጮች አሉ። መንገዱን የምንጋራው ፍሬናችንን ፈትሸው ከማያውቁ፣ መፈተሽም ከማይጠበቅባቸው ሰዎች ጋር ነው። ከዚያ እሑድ ወዲህ ስለ ፍሬን ማሰብ የጀመርኩት ከዚህ ተነስቼ ነው።

በእርግጥ መንገድ ሁሉ አንድ ዓይነት ፍሬን አይፈልግም። በለገጣፎ አድርጎ ወደ ሰንዳፋ፣ ወይም በአቃቂና በዱከም አድርጎ ወደ ቢሾፍቱ የሚነዳ ሰው ፍሬኑን የሚፈልገው ለድንገት ነው፤ ሚኒባስ ተሳፋሪ አይቶ ሲጠመዘዝ፣ በግ ሲሻገር። ሁለት ሰከንድ ይይዛል፣ ይለቃል፣ ያበቃል። ከእንጦጦ ሲወረድ ወይም ከሱሉልታ መልስ ወደ አዲሱ ገበያ ቁልቁል ሲባል ግን ፍሬኑ ደቂቃዎች ሙሉ ይሠራል። ለድንገቱ የሚበቃ ፍሬን ለረጅሙ ላይበቃ ይችላል፤ ሜዳ ላይ ተሞክሮ «ጥሩ ነው» የተባለ ፍሬን ቁልቁለት ላይ የሚከዳውም ለዚህ ነው።

ቁልቁለቱ የሚወልደው ሙቀት

ሒሳቡን ቁጭ ብዬ ሠራሁት። ሰውና ብስክሌት አንድ ላይ 85 ኪሎ ቢሆኑ፣ 500 ሜትር ከፍታ ሲወርዱ የሚለቀቀው ጉልበት 417 ኪሎጁል ያህል ነው። በጓዳ ቋንቋ ስንናገረው፣ ከአንድ ሊትር ተኩል በትንሹ የሚያንስ ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት የሚበቃ ሙቀት ነው። ሁሉም ወደ ፍሬን አይገባም፤ ከፊሉን ነፋሱ፣ ከፊሉን ጎማው ይወስዱታል። የቀረው የሚያርፈው ግን ክብደቱ ከመቶ ግራም ብዙም በማይዘል ቀጭን ዲስክና ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም በማይሰፉ ሸራዎች ላይ ነው።

ፍጥነቱስ ምን ያህል ይለውጠዋል? 8 በመቶ በሚያዘቀዝቅ መንገድ ላይ በሰዓት 10 ኪሎሜትር እየተያዘ የሚወርድ ሰው ፍሬኑ ላይ 150 ዋት ገደማ ይጭናል። በ30 ኪሎሜትር ሲሆን ጭነቱ 350 ዋት አካባቢ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ሲፈጥን ነፋሱ እየገፋ መርዳት ይጀምራል። እኛ ጋ ግን ይህ እርዳታ ያነሰ ነው። በእንጦጦ ከፍታ አየሩ ከባህር ጠለሉ በሩብ ያህል የሳሳ ስለሆነ የነፋሱ ግፊት በዚያው ልክ ይቀንሳል። ለደረታችን የጎደለው አየር ለፍሬናችንም ይጎድላል ማለት ነው።

ከዚህ የተረዳሁት፣ በጣም የምንጎዳው ፈራ ተባ እያልን በ25 እና በ30 ኪሎሜትር መካከል ፍሬኑን ሳንለቅ ስንወርድ መሆኑን ነው። ሙቀቱ ከፍተኛ ነው፤ መቀዝቀዣ ፋታም የለውም። የውጭ አገር መምህራን «ቀጥታው ላይ ልቀቀው፣ ከኩርባው በፊት አጥብቀህ ያዝ፣ ከዚያ ፈጽሞ ልቀቅ» ይላሉ። እውነት ነው፤ ዲስኩ በተለቀቀባት ጥቂት ሰከንድ ውስጥ ብዙ ይቀዘቅዛል። ነገር ግን ምክሩ ባዶ መንገድን ታሳቢ ያደረገ ነው። የእንጦጦ መንገድ እሑድ ጠዋት ባዶ አይደለም። የእኔ አቋም ይህ ነው፦ ፊት ለፊት ርቆ የሚታይና ሰው የሌለበት ከሆነ መልቀቅና አጥብቆ መያዝ ይፈራረቁ፤ ሰው ካለ በእውነተኛ ዝግታ፣ በሰዓት ከ10 እስከ 12 ኪሎሜትር፣ መሀል ላይ ቢያንስ አንድ ጊዜ ለሦስት ደቂቃ ቆሞ መውረድ። ሲቆሙ ዲስኩን በጣት መንካት አያስፈልግም፤ ቆዳ ይልጣል። ውሃ ማፍሰስም አይገባም፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊጣመም ይችላል።

ፍሬናቸው ጎማውን የሚይዘው ቸርኬ ላይ የሆነ ብስክሌቶች ጉዳይ ሌላ ነው። እነሱ ላይ የሚግለው ቸርኬው ነው፣ ከቸርኬው ደግሞ ወደ ከመነዳሪው ያልፋል። በ20 ዲግሪ 80 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው) የተነፋ ቀጭን ጎማ ውስጡ 80 ዲግሪ ቢደርስ ግፊቱ ወደ 100 ይጠጋል። በማስቲሽ የተለጠፈ ከመነዳሪ ካለ ማጣበቂያው በሙቀት ሊላቀቅ ይችላል። ስለዚህ የቸርኬ ፍሬን ያለው ሰው ወደ እንጦጦ ሲወጣ ጎማውን እስከ መጨረሻው ባይወጥረው ይሻላል። ጎሚስታ ጋ ማስነፋትም ጥንቃቄ ይጠይቃል፦ የኮምፕሬሰሩ አየር የተሠራው ለመኪና ጎማ ስለሆነ የብስክሌቱን ትንሽ ጎማ በቅጽበት ከልኩ ያሳልፈዋል። ቀጭኑን ቫልቮላ ለሚጠቀም ደግሞ የነሐሷ አገናኝ ኪስ ውስጥ ካልኖረች ጎሚስታውም ሊረዳው አይችልም።

ዘይት ሁሉ አንድ አይደለም

የፍሬን ዘይት ሁለት ዘር ነው። አንደኛው የመኪናው፣ ጠርሙሱ ላይ ዶት 3፣ ዶት 4 ወይም ዶት 5.1 የሚል ተጽፎበት በየመለዋወጫ ሱቁ የሚገኘው ነው። ሁለተኛው ሚኒራል ኦይል ነው። ከፍሬን አምራቾች ሺማኖ፣ ቴክትሮና ማጉራ በሚኒራል ይሠራሉ፤ አቪድ፣ ሆፕ እና ብዙዎቹ የስራም ፍሬኖች በዶት። ብዙዎቹ ያልኩት ሆን ብዬ ነው፤ አንዳንድ አዳዲስ የስራም ሞዴሎች ወደ ሚኒራል ዞረዋል። ስለዚህ ከስም ይልቅ ክዳኑን ማንበብ ይበልጣል። ቀለምም አይመራም። የሺማኖ ዘይት ቀይ ነው፤ የመኪና ካምቢዮ ዘይትም ብዙ ጊዜ ቀይ ነው፤ አንዱ ግን የሌላውን ቦታ አይተካም።

ልዩነቱ ያለው ውስጥ ባሉት ጎሚኒዎች ላይ ነው። ለሚኒራል የተሠራ ጎሚኒ የመኪና ዘይት ሲያገኘው ያብጣል፣ ይልማል። ለዶት የተሠራው ደግሞ ሚኒራል ሲነካው እንዲሁ ይሆናል። መጥፎው ነገር ጉዳቱ በዕለቱ አለመታየቱ ነው። ዘይቱ የተጨመረ ቀን መጨበጫው ጠንካራ ነው፣ ባለሙያውም ደንበኛውም ደስ ብሏቸው ይለያያሉ። ቀን እየቆየ ሲሄድ መጨበጫው ተለቅቆ ወደ ቦታው ለመመለስ ይዘገያል። የእኔም ዘግይቶ ነበር፤ ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

ያበጠ ጎሚኒ ሸራውን የሚገፋውን ፒስተን ወደ ኋላ አይመልሰውም። ፒስተኑ ካልተመለሰ ሸራው ዲስኩን እየዳሰሰ ይቀራል። ሜዳ ላይ ይህ የሚታወቀው ብስክሌቱ ትንሽ ሲከብድ ብቻ ነው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ሁሉም ስለሚከብድ አይለይም። ቁልቁለት ሲጀመር ግን ዲስኩ የመቀዝቀዣ ፋታ የለውም፤ እጅ ባይነካውም ይግላል። ሙቀቱ በሸራው አልፎ ሸራዎቹንና ፒስተኖቹን ወደያዘው ካሊፐር ይገባል፣ እዚያ ያለው ዘይት ወይም በውስጡ ያለው እርጥበት ይፈላል፣ እንፋሎት ይሆናል። ዘይት ሲጨመቅ መጠኑ አይቀንስም፤ እንፋሎት ግን ይቀንሳል። መጨበጫው ባዶ ሆኖ የመጣልኝ ለዚህ ነው።

የመኪናው ዘይት እርጥበት ይመጥጣል፣ ከራሱም ጋር ያዋሕደዋል። አዲስ ዶት 4 ከ230 ዲግሪ በታች እንዳይፈላ መስፈርቱ ያስገድዳል፤ እርጥበት የጠጣ ሲሆን ግን ዝቅተኛው ወደ 155 ይወርዳል። ዶት 3 ከ205 ወደ 140። ሚኒራል በአንጻሩ ከውሃ ጋር አይዋሐድም፤ ይህ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባች ከዘይቱ ስለምትከብድ ታች ካሊፐሩ ውስጥ ትዘቅጣለች፤ ከሁሉ ቦታ የሚግለውም እሱ ነው። በእንጦጦ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ ገደማ ነው። በ100 አይደለም። ድንች ለማብሰል እንጦጦ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት ሌላ ማስረጃ አያሻውም።

ከሁሉ በላይ የሚያታልለው ሲቀዘቅዝ የሚሆነው ነው። ሩብ ሰዓት ቆሜ መጨበጫውን ስሞክረው ጠንክሮ አገኘሁት፤ ምንም ያልሆነ ይመስላል። እንፋሎቱ ተመልሶ ፈሳሽ ሆኗላ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ተሻለው» ብሎ ይቀጥላል። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ አንድ ጊዜ በሙቀት የከዳ ፍሬን በሚቀጥለው ኩርባም ያው ነው። እኔ ብስክሌቱን ይዤ እስከ ሽሮ ሜዳ በእግሬ ወረድኩ።

የተሳሳተ ዘይት የገባበት ፍሬን በዚያው ቀን ከታወቀ፣ ሁሉንም አፍስሶ በትክክለኛው ዘይት ሦስት አራት ጊዜ አጥቦ ጥቂት ቀን መከታተል ይቻላል። ሳምንታት ከቆየበት ግን ያበጠ ጎሚኒ ወደ ልኩ አይመለስም። ለአንዳንድ ፍሬኖች ጎሚኒው ለብቻው ይሸጣል፤ ሺማኖ ግን ለብቻው አያቀርብም፤ መጨበጫውንም ካሊፐሩንም መቀየር ነው። ዘይቱን ማግኘት ለሚቸግረው ሰው ደግሞ በካቦ የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ማስገባት የሚያሳፍር ነገር አይደለም። ኃይሉ ትንሽ ያንሳል፣ መጨበጫውም አብሮ መቀየር አለበት፤ ካቦው ግን ብስክሌት የሚጠገንበት ቦታ ሁሉ ይገኛል፣ በውስጡም የሚፈላ ነገር የለም።

አየር ማስተንፈስ ቤት ውስጥ የሚሠራ ነው። ከፋርማሲ የተገዛ ትልቅ ሲሪንጅ ያለ መርፌው፣ ልኩ የሆነ አሳላፊ ቱቦ፣ ትክክለኛው ዘይት (100 ሚሊሊትር ለሁለቱም ፍሬን ይተርፋል)፣ ብዙ ጊዜ የ7 ሚሊሜትር ቁልፍ። ሸራዎቹ አስቀድመው ይውጡ፤ ዘይት ከነካቸው ያበቃላቸዋል። በቦታቸው ፒስተኖቹ እንዳይወጡ ልክ የሆነ እንጨት ይግባ። መጨበጫው ከመሬት ጋር ትይዩ ይሁን፣ የቋቱ ብሎን ይከፈት፣ ዘይቱ ከታች ከካሊፐሩ ወደ ላይ ቀስ ተብሎ ይገፋ። አየር ተፈጥሮው ወደ ላይ መውጣት ስለሆነ አቅጣጫውን መከተል ነው። ቱቦውን በካቻቪቴ እጀታ ቀስ እያሉ መታ መታ ማድረግ የተደበቀችውን አረፋ ያስወጣል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጨረሻው ላይ ነው፦ ሲሪንጁን ከነቀለ በኋላ የካሊፐሩን ብሎን ይዘጋል፣ በዚያች ቅጽበት አየር ተመልሶ ይገባል። መጀመሪያ ይዘጋ፣ ከዚያ ይነቀል።

መረሬ፣ አቧራና ላቫጆ

ሸራ እኛ ጋ ቶሎ ያልቃል። በክረምት የሱሉልታ ሜዳ መረሬ ነው፤ ጎማና ሹካው መሀል እየተጠቀጠቀ ጎማውን እስከ ማቆም ይደርሳል። መረሬው ብቻውን ሲሆን ሸራውን ያን ያህል አይበላውም። የሚበላው ከአሸዋ ጋር የተደባለቀው ጭቃ፣ መንገድ ሥራ ያለበት ቦታ ላይ የተደፋው ሰሌክት ነው። ሬዚን የሚባለው ለስላሳ ሸራ እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ጉዞ ብቻ ሊያልቅ ይችላል። የብረት ቅንጣት ያለበት ሸራ ይበረክታል፣ ሙቀትም ይችላል፤ ነገር ግን ዲስኩ ላይ ለሬዚን ብቻ የሚል ጽሑፍ ካለ አይግባ፤ ዲስኩ ለስላሳ ስለሆነ ይበላዋል።

ውፍረቱን ለመለካት ኪስ ውስጥ ያለች የኤቲኤም ካርድ ትበቃለች። ካርዷ 0.76 ሚሊሜትር ናት። የሸራው መያዣ ብረት ሳይቆጠር የሚቀረው ሸራ ከካርዷ ከሳሳ ለቀጣዩ እሑድ አዲስ ይዘጋጅ፤ ግማሽ ሚሊሜትር ከደረሰ ያ ብስክሌት እንጦጦ አይውጣ። ዲስኩም ያልቃል። የሺማኖ ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊሜትር ነው፤ 1.5 ሲደርስ ይቀየራል። በጥፍር ሲዳሰስ ጠርዙ ላይ ጉልህ ደረጃ ካለ ጊዜው ቀርቧል።

ከማለቅ የባሰው መበከል ነው። ብስክሌት ላቫጆ ወስዶ ከመኪና ጋር ማሳጠብ የተለመደ ነው፤ ጭቃው በአምስት ደቂቃ ይለቃል። ነገር ግን በግፊት የሚረጨው ውሃ ግራሶውን ከኩሽኔታ ውስጥ ያወጣዋል፤ ከታች የሚረጨው ናፍጣ ደግሞ ዲስኩ ላይ ካረፈ ሸራው ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲያ ፍሬኑ ይጮኻል እንጂ አይዝም። ካቴና በነጭ ጋዝ ሲታጠብም ያው ነው፤ የኋላው ዲስክ አስቀድሞ በፌስታል ይጠቅለል። ዘይት የነካውን ዲስክ በፋርማሲ አልኮልና በንጹሕ ጨርቅ መጥረግ ያድነዋል። የእጅ ሳኒታይዘር ግን አይሆንም፤ ብዙ ጊዜ ግሊሰሪን ስላለበት ሌላ ቅባት ይጨምራል። ሸራው ላይ ላዩን ብቻ ከሆነ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ ይቻላል፤ ጠጥቶ ከሆነ መጣል ነው። እሳት ላይ የሚያቃጥሉት ሰዎች አሉ። እኔ አልመክርም፤ ሸራውን ከብረቱ ጋር ያያያዘው ሙጫ በሙቀት ይደክማል፣ ሸራው ቁልቁለት ላይ ቢገነጠል የሚተካው ነገር የለም።

አዲስ ሸራ የገባለት ፍሬን ወዲያው ለእንጦጦ አይደርስም። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎሜትር ያህል እየሄዱ አጥብቆ መያዝ፣ ልክ ሊቆም ሲል መልቀቅ፤ ይህን ሃያ ጊዜ ያህል። መጀመሪያ ላይ የማይዝ ይመስላል፣ ወደ ዐሥረኛው አካባቢ እየነከሰ ይመጣል። ይህ ሳይደረግ ቁልቁለት ከተገባ የሸራው ገጽ እንደ መስታወት ያብረቀርቅና ኃይሉን ያጣል።

እንጦጦ ጫካ ውስጥ ደግሞ የባህር ዛፉ ቅጠል አለ። ሲደርቅ ድንጋይ ይሸፍናል፣ ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። እዚያ የፊት ፍሬን በድንገት የያዘ ሰው የፊት ጎማው ከሥሩ ይሄድበታል። አስፋልት ላይ ዋናው የመቆሚያ ኃይል ከፊተኛው ነው፤ ቅጠል ላይ ግን ለኋለኛው ትንሽ ቦታ መስጠት፣ ኩርባው ሳይደርስ ፍጥነትን መጨረስ ያስፈልጋል።

ከሽሮ ሜዳ በፊት

ፍተሻው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም፤ ቦታው ግን ታች ነው። ጫፍ ላይ ደርሶ ፍሬን መፈተሽ ምን ይጠቅማል? አየሩ ቀዝቅዞ፣ ላብ ደርቆ፣ ሁሉም ለመውረድ ቸኩሎ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

መጀመሪያ መጨበጫውን አጥብቄ ይዤ ዐሥር እቆጥራለሁ። ቀስ እያለ ወደ መሪው ከተጠጋ የሆነ ቦታ ይፈሳል ወይም ጎሚኒው ደክሟል። ሁለተኛ፣ ሦስት ጊዜ ቶሎ ቶሎ እጨብጣለሁ። በእያንዳንዱ እየጠነከረ ከመጣ አየር አለ ወይም ሸራው ሳስቷል። ሦስተኛ፣ በድንገት እለቀዋለሁ። ጠቅ ብሎ መመለስ አለበት፤ ከዘገየ ብርድ ነው ብዬ አላልፍም። አራተኛ፣ ጎማውን አንስቼ አሽከረክረዋለሁ፤ ቢያንስ አራት አምስት ዙር በነጻነት ካልዞረ ሸራው እየነካ ነው። መጨረሻ ላይ መጨበጫው ሥርና ካሊፐሩ ዙሪያ ነጭ ሶፍት አስነካለሁ። እርጥብ ነጥብ ከታየ የእሑዱ መንገድ ወደ ሰንዳፋ አይዞርም፤ ያ ብስክሌት ወደ ቤት ይመለሳል። ካቦ ለሆነ ፍሬን ደግሞ ሽቦው ከመጨበጫው በሚወጣበት ቦታ ላይ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ እንደሆነ ማየት ነው። አንድ ክር ከተበጠሰ የቀሩት ይከተላሉ።

ባለሙያው ጋ ተመልሼ ሄጄ ነበር። ልወቅሰው አልነበረም፤ ቆሜ እያየሁ የሆነ ነገር ነው። የድሮውን ክዳን አውጥቼ ሰጠሁት። ወደ በሩ ወጥቶ በፀሐይ እያዞረ ተመለከተው። «ወንድሜ፣ ይሄ ዘይት ግን እዚህ አገር ይገኛል እንዴ?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል ነው። እኔ ያገኘሁት ከውጭ በሚመጣ ዘመድ ነው፤ የተረፈኝን ግማሽ ጠርሙስ ትቼለት መጣሁ። ከመውጣቴ በፊት ነጭ ፕላስተር ቆርጬ በአማርኛ «ሚኒራል ብቻ፤ የመኪና ዘይት አይገባም» ብዬ በእስክሪብቶ ጻፍኩና መጨበጫዬ ላይ ለጠፍኩ። ፕላስተሩን ተቀበለኝ። ግድግዳው ላይ ጥገና የሚጠብቁ ሁለት ብስክሌቶች ተሰቅለዋል፤ አቧራውን በአውራ ጣቱ እየጠረገ የክዳኖቻቸውን ጽሑፍ ማንበብ ጀመረ።